ፀሐይ የነካው ሰደፍ

ልጅ እያለሁ አባቴ የተልባ ዘይት ይሸተኝ ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። አባቴ የሚሸተው ካፖርትና ሲጋራ ነው። የተልባ ዘይት የሸተተኝ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር። እስከ ዛሬ ግን በአናጺ ቤት በር ሳልፍ ያ ሽታ ከመጣ እግሬ ይተሳሰራል።

ዘመኑ የደርግ ነው። አባዬ ንፋስ ስልክ አካባቢ የአንድ ትልቅ መጋዘን ዘበኛ ነበር። እኔና ሁለቱ ታናናሾቼ ያደግነው በመጋዘኑ በር ጥግ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ ከሥራው ጋር የመጣች ናት፤ ሥራው ከሄደ አብራ ትሄዳለች። ያን ጊዜ ቀበሌ ተመዝግቦ ቤት መጠበቅ ምን ማለት እንደነበር የዘመኔ ሰው ያውቀዋል፤ ለሌላው ብነግረውም አያምነኝም።

የአባዬን ቀኝ ዓይን ሞራ ለብሶት ነበር። መጀመሪያ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ገበጣ ስንጫወት በቀኙ በኩል ያሉትን ጠጠሮች ስሰርቀው አላየኝም። ደስ ብሎኝ ሦስት ቀን ሙሉ ከሰረቅሁት በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ከዚያ ወዲያ ሆን ብዬ እሸነፍለት ጀመር።

እንዲህ ደብቆ ሲኖር አዲስ የጥበቃ ኃላፊ መጣና ዘበኞች ሁሉ ሰኞ ጠዋት ኢላማ እንደሚተኩሱ፣ የሳተም እንደሚሰናበት ተናገረ። አባዬ የሚይዘው ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ነበር። በቀኝ ትከሻው ደግፎ በቀኝ ዓይኑ ያነጣጥራል እንዳይባል ዓይኑ የለም። በግራ ትከሻው እንዳይተኩስ ውትድርና ሳለ ጥይት አልፎበት የጠመንጃ ምት አይችልም። እማዬ የዚያን ዕለት የቱ ዘመድ ዘንድ እንደምንበተን ስትቆጥር አመሸች። ታናናሾቼን ለአክስቴ ሰጠቻቸው፣ እኔን ለማን እንደምትሰጠኝ ግን ጠፋት። የተኛሁ መስሏት እኮ ነው፤ እኔ ሁሉንም ሰማሁ።

ጋሽ ኤርጊቾን ያስታወሰው አባዬ ነው። ከሐዲያ መጥተው ጎፋ የሰፈሩ አናጺ ናቸው። ወጣት ሳሉ ጠመንጃ ጠጋኝ ዘንድ ስለሠሩ ሰደፍን፣ ያንን ትከሻ ላይ የሚያርፈውን እንጨት፣ እያጎበጡ በባለቤቱ ልክ ማድረግ ያውቁ ነበር። የጴንጤ ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ስለነበር ሲሠሩ የሚዘምሩት ከንፈራቸውን ገጥመው ነው።

ቅዳሜ ረፋድ አባዬ ሰደፉን ከብረቱ ፈታው። እንጨቱ ብቻውን ቢሆንም ይዞ መንገድ ላይ መገኘት በዚያ ጊዜ ቀልድ አይደለም። እማዬ በነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አሳዘለችኝ። መንገድ ላይ አንድ አብዮት ጥበቃ ስንት ወሩ ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ አራት አልኩት። አባዬ ጎፋ እስክንደርስ መሬት መሬቱን እያየ ተራመደ። ከደረስን በኋላ ግን የጋሽ ኤርጊቾን አጥር ተደግፎ ሳቀ፤ ሳቁ አልቆም ብሎት ዓይኑን ጠረገ።

አባዬ የሚፈልገውን ነገራቸው። ሰደፉ ከአንገቱ ወደ ቀኝ ከተጣመመ፣ ጠመንጃው ቀኝ ትከሻው ላይ እያለ አፈሙዙ ከግራ ዓይኑ ፊት ይመጣል። ሰው ከጠየቀ ደግሞ እንጨቱ ተሰንጥቆ ነው የጠገንኩት እንዲሉለት ለመናቸው። ጋሽ ኤርጊቾ ሰደፉን አገላብጠው አዩት።

«እንጨቱን እሠራልሃለሁ። ሰው ከጠየቀኝ ግን ያደረግሁትን ነው የምናገረው። እንዳይጠይቀኝ እጸልያለሁ» አሉት።

የሰደፉን አንገት በጨርቅ ጠመጠሙት። ከዚያ የተልባ ዘይት እያጋሉ በማንኪያ በማንኪያ አፈሰሱበት፤ የወረደውን ከሥር በጣሳ ተቀብለው እንደገና አግለው ያፈሱታል። ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲህ ቆዩ። እንጨቱ እሺ ሲል አንዱን ጫፍ እንጨት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አስረው ሌላውን በገመድ ቀስ እያሉ ሳቡት። ሲንቋቋ አባዬ ፊቱን አዞረ። አልተሰነጠቀም። እንደታሰረ አደረና እሑድ ጠዋት ስንመለስ ጋሽ ኤርጊቾ ቀጥ ያለ ጣውላ በጎኑ አስደግፈው ክፍተቱን በእኔ ጣት ለኩት፤ ሦስት ጣት አስገባ። ጉብጠቱ ገና ስላልረጋ እሳት አጠገብ እንዳናደርሰው አስጠነቀቁን።

እሑድ ከሰዓት አባዬ ብረቱን ብቻ በካፖርቱ ከልሎ በር ላይ ተረኛ ነበር፣ እማዬ ቀበሌ ስብሰባ ሄደች። እኔ አልጋ ሥር የተደበቀውን ሰደፍ እየደጋገምኩ አየዋለሁ። ዘይቱ አልደረቀም። ነገ የአባዬ ጉንጭ ላይ ተለቅልቆ ኃላፊው ቢያየውስ? ሽታውስ? ጭንቅ ሲለኝ አውጥቼ ከቤታችን ኋላ በወደቀ ቆርቆሮ ላይ እንደ በርበሬ አሰጣሁት። እሳት አጠገብ አታድርሱት አሉ እንጂ ፀሐይ ላይ አታስጡት አላሉንም። ቆርቆሮው እጄን እንዳቃጠለኝ እንኳ ልብ አላልኩም።

ሳነሳው ደርቋል። ደስ ብሎኝ የበሩ መቃን ላይ አስደግፌ በጣቴ ለካሁት። አንድ ጣት ገባ፣ ሁለተኛው እምቢ አለ፤ ፀሐዩ እንጨቱን መልሶ አቃንቶታል። ገፋሁት፣ ገለበጥኩት፣ በጉልበቴ ልመልሰው ታገልኩ፣ አለቀስኩ። ከዚያ አልጋ ሥር መልሼ አስቀመጥኩት።

ሰኞ ጠዋት አባዬ ሰደፉን ከብረቱ ጋር ገጠመ። ወደ እኔ ዞሮ «ለካሽው? ሦስት ጣት ይገባል?» አለኝ።

«ይገባል» አልኩት።

ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ኢላማው ከመጋዘኑ ጀርባ ሜዳው ላይ እንጨት ጫፍ ላይ የተቀመጠ ጣሳ ነበር። እኛ ልጆች በአጥር ቀዳዳ እናያለን። አባዬ ደገነ፣ አንገቱን ወዲህ ወዲያ እያደረገ አፈሙዙን ፈለገው። ሁለት ጊዜ ተኮሰ። ጣሳው ንቅንቅ አላለም። ኃላፊው ጠጋ ብሎ ጣቱን ከቀኝ ዓይኑ ፊት ሲያወዛውዝ አባዬ ዓይኑን አላርገበገበም።

ወሬውን ሰምተው ጋሽ ኤርጊቾ በማግሥቱ መጡ። አባዬ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ ዓይኔ ነው ቢላቸውም አልሰሙትም። እጄ ነው የከዳህ፣ አሳንሼ ነው ያጎበጥኩት እያሉ አለቀሱ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሊያባርሩን ሲመጡ የሥራ ቤታቸውን ጓዳ ለቀቁልን። ስድስት ዓመት ኖርንበት፣ አልተበተንንም። አባዬም በዳሰሳ እንጨት እየላገላቸው ቆየ። እውነቱን ለመናገር ስንቴ አፌን ከፈትኩ መሰላችሁ። ብናገር ግን ጓዳው ይወሰድብናል ብዬ ፈራሁ። አባዬ ከሞተ በኋላ ደግሞ አፈርኩ።

ዛሬ ሞራ በአንድ ጠዋት ይነሳል። ባለፈው ዓመት የእኔም ተነሳልኝና ከሰዓት በኋላ በታክሲ ጀሞ ኮንዶሚኒየሜ ገባሁ። ያን ቀን መንገዱ ሁሉ ቦግ ብሎ ሲታየኝ ስለ አባዬ አለቀስኩ። ያኔ መፍትሔው ይሄን ያህል ቀላል እንደሆነ የነገረው አልነበረም፣ ቢነገረውም የት ይሄዳል?

ጋሽ ኤርጊቾ ያረፉት ዘንድሮ ነው። ለቅሶ ስደርስ ልጃቸው ታደለች አጠገቧ አስቀመጠችኝ። አባቷ እስከ መጨረሻው የእኛን ቤተሰብ ስም እየጠሩ ይጸልዩ እንደነበር፣ እንጀራቸውን ቆርጫለሁ እያሉ ይቅርታ ይለምኑ እንደነበር ነገረችኝ።

«አልበደሉንም» አልኳት። የሰደፉንና የፀሐዩን ነገር ግን ዋጥኩት። እሷ ይቅር ማለቴ መስሏት ዝቅ ብላ እጄን ሳመችው።