«ግድግዳው ምን ይጠጣል?»

ከቤቴል የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። የጸሎት ቡድናችን እህቶች እየዘመሩ ሸኙኝ፤ የሦስት ዓመቷ ልጄ ሶስና ጀርባዬ ላይ ተኝታለች። ኮልፌ ውስጥ ግድግዳ ሲለስን ያረጀው አባቴ ጦር ኃይሎች እስክንደርስ እንባውን እንዳላይበት ፊቱን ወደ ታክሲው መስኮት አዙሮ ተቀመጠ።

የመጣሁት እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ፣ አዛውንቶችን ልንከባከብ ነው። ወገኖቼ፣ የዚህ አገር ብርድ የሐምሌን ጭቃ ያስናፍቃል! የተከራየሁት ክፍል ግድግዳ ረጥቦ ሻገተ፤ ሶስና በሳል ማደር ጀመረች። አከራዬን ጠራሁት።

«ግድግዳው ሲፕ እያደረገ ነው» አልኩት በዚያች እንግሊዝኛዬ።

«ምን ይጠጣል? ሻይ?» ብሎ ሳቀብኝ። «እርጥበቱ የእናንተው ትንፋሽ ነው።»

«ታዲያ መተንፈስ እናቁም?»

«መስኮት ክፈቺ።» በጥር ብርድ!

የቋንቋ አስተማሪዬ ማርጋሬት ግን አልሳቀችም። አጠር አድርገው «ሲፕ» ካሉት ፉት ማለት ነው፤ «ሲ...ፕ» ብለው ከሳቡት መስረግ ነው አለችኝ። ቧንቧ ሲያፈስ፣ ጣሪያ ሲያንጠባጥብ አይባልም፤ ፈሳሽ ቀስ ብሎ በቀዳዳ በስንጥቅ ሲያልፍ እንጂ። ደግሞ የሚሰርገው ውሃው ነው እንጂ ግድግዳው አይደለም። ለካ ጥፋቴ ሁለት ነበር።

ለአባቴ ደወልኩ። «ትንፋሽ ይሁን የውስጥ ውሃ፣ ላስቲክ ይለይልሻል» አለኝ። «ግድግዳውን አድርቀሽ ላስቲክ ለጥፊበት፤ ዙሪያውን በፕላስተር ድፈኚው። ከላስቲኩ ጀርባ ከረጠበ ከግድግዳው ነው የመጣው።»

በሁለተኛው ቀን ጀርባው ረጠበ። ፎቶ አንስቼ፣ «ውሃ በግድግዳው ውስጥ እየሰረገ ነው» ብዬ በእንግሊዝኛ ለማዘጋጃ ቤት ጻፍኩ፤ «ሲ...ፕ» የሚለውን ቃል በሁለት «ኢ» ፊደል አድርጌ።

ተቆጣጣሪ መጣች። አከራዬ «ትንፋሽ ነው» ሲል ላስቲኩን ገልጬ አሳየኋት።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ። ግንበኛ ነው።»

እንዲህ ቀና ብዬ የተናገርኩት ከመጣሁ የመጀመሪያዬ ነበር። የውጭው ግድግዳ ተቆፍሮ ተጠገነ፤ የሶስናም ሳል እየቀለለ ሄደ።

ለአባቴ ስነግረው ሥራ ላይ ነበር። «ስሙ!» አለ ለጓደኞቹ። «ልጄ በገዛ ቋንቋቸው ረታቻቸው!» ጭብጨባቸው ተሰማኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የምትመጪው መቼ ነው?» አለኝ።

«የመኖሪያ ወረቀቴ ጉዳይ ሲያልቅ፣ አባዬ።»

«እሺ» አለ። ስልኩን ግን አልዘጋውም፤ እኔም አልዘጋሁትም።