ከስኩተር የወደቅኩበት ምክንያት

ይህ የሆነው ልጄ ሜሮን አስረኛ ክፍልን በጨረሰችበት በጋ፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ዓመታት አልፈዋል። ብርድ ሲመጣ ግራ ጉልበቴ ያስታውሰኛል። ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን ጉልበቴ ሳይሆን ዝም ያልኩባቸው ቀናት ናቸው።

ያኔ ቶሮንቶ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ስኩተሮች በዝተው ነበር። መንጃ ፈቃድ አይጠየቅባቸውም። ሕጉ ከብስክሌት ስለሚቆጥራቸው ፔዳል አላቸው፤ ፔዳሉን ሲመታ ያየሁት ሰው ግን የለም። እኔ የምኖረው ሴንት ጄምስ ታውን ነው፤ የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። ስኩተሯን ከገዛሁ ወዲህ ሁለት አውቶቡስ መጠበቅ ቀረልኝ። እግዚአብሔር ይመስገን።

እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ ጥግ ላይ አራት ስኩተር ይቆማል። አንዷ የእኔ ናት። አንዱ የጋሽ ታደሰ ነው፤ አገር ቤት ጋራዥ ነበራቸው፣ እዚህ ሕንፃ ይጠብቃሉ። ሌላው የሙሉጌታ ነው፤ ኮሌጅ ይማራል፣ ስለ ሁሉም ነገር አንድ ቪዲዮ አይቷል። አራተኛው የጓደኛዬ የጽጌ ነው። ከእኛ ሕንፃ ሁለት መንገድ አልፋ ትኖራለች፤ ስኩተሩንም የገዛችው እኔን አይታ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ እዚያ ጥግ ቆመን ስለ ስኩተር እናወራለን። ማለቴ እነሱ ያወራሉ። ጋሽ ታደሰ የፊት ፍሬን የሰው ጠላት ነው ይላሉ። ሙሉጌታ በኋላ ፍሬን ብቻ የሚያቆም ሰው ፊዚክስ አልተማረም ይላል።

"ዊዝ ሪስፔክት ጋሽ ታደሰ…"

"ሪስፔክቱን ተውና ጎማህን ንፋ።"

እኔም የራሴ ሕግ ነበረኝ። ወደ እግዚአብሔር ቤት ፕላስቲክ ደፍቼ አልሄድም። ስለዚህ ሄልሜቱን አጠልቅና ነጠላዬን ከላዩ እከናነባለሁ፤ አንዱን ጫፍ በትከሻዬ ወደ ኋላ እጥለዋለሁ። አንድ እሑድ አንዲት ሴት አይታኝ፣ "ሞተር ላይ እንኳ ሥርዓቷን አልለቀቀችም፤ እንዲህ ነው እንጂ!" አለች። ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። በሚቀጥለው እሑድ ግን ጥለቱ ሰፋ ያለውን ነጠላ አወጣሁ።

ሜሮን ነግራኝ ነበር። "ማሚ፣ ታክ ኢት ኢን፣ ጫፉን ሰብስቢው፤ ዊሉ ውስጥ ይገባል" አለችኝ። የቤተ ክርስቲያን ልብስ ሰው አይጎዳም ብዬ መለስኩላት። ይባስ ብዬ ጽጌን ገሠጽኳት።

"ጽጌዬ፣ ራስሽን ሳትሸፍኚ ነው የመጣሽው?"

"ይኸው ሄልሜት አድርጌያለሁ።"

"ሄልሜትም መከናነቢያ ሆነ?"

ሳቀች። "እኔ እፈራለሁ ብርቄ፤ ላንቺ ይሁንልሽ" አለችኝ።

ጾሙ በገባ በሁለተኛው ቀን ወደ ቅዳሴ ስሄድ ስትሪትካር የሚሉት የከተማ ባቡር ሐዲድ ያለበት መንገድ ላይ መብራት ያዘኝ። ሲለቀኝ ቀስ ብዬ ተነሳሁ። ድንገት ሰው ከኋላዬ አንገቴን የያዘኝ መሰለኝ። "እመብርሃን!" ማለቴን አስታውሳለሁ። ከዚያ አስፋልቱ ላይ ነኝ፤ ስኩተሯ እግሬ ላይ ናት፤ የነጠላው ጫፍ የኋላ ጎማው ውስጥ ተጠምጥሟል፤ ሌላው አንገቴ ላይ ነው። ትንፋሼ አልወጣ አለ።

ከአንድ ፀጉር ቤት አንድ ሰውዬ መቀስ እንደያዘ ሮጦ ወጣ። ሲቆርጠው የነበረው ደንበኛ ጨርቁን እንደታጠቀ፣ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ፣ ተከትሎት መጣና ከሚመጣው ስትሪትካር ፊት ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ። ባለ መቀሱ ነጠላዬን አንገቴ ሥር ቆረጠው።

"ብሪዝ፣ ማማ። ብሪዝ።"

ተነፈስኩ። አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ ራሴን ደግፎ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ ስኩተሯን ሱቁ ደጃፍ አሰረልኝ፤ የተረፈውን ነጠላ ከጎማው ፈታና በሥርዓት አጥፎ አስታቀፈኝ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

የጉልበቴ ሎሚ ተሰንጥቋል ተባለ። ኦፕሬሽን አላስፈለገም፤ እግሬ በብሬስ ታሰረና ስድስት ሳምንት ተሰጠኝ። አንገቴ ላይ እንደ ማተብ የከበበ ቀይ ሰምበር ወጥቶ ነበር። ሰው ሊጠይቀኝ ሳይመጣ ሻሽ ጠመጠምኩበት። የተቆረጠውን ነጠላ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጌ አልጋ ሥር ከተትኩ።

"በዚህ ሙቀት ሻሽ?" ሲሉኝ፣ "ብርድ ብርድ ይለኛል" አልኩ። ይህ ውሸት ነው።

መጀመሪያ የመጡት ጋሽ ታደሰ ናቸው። ሜሮን ስኩተሯን እየገፋች አምጥታት ነበርና እኔን ሳያዩ ቤዝመንት ወርደው መጀመሪያ ስኩተሯን አዩ። አንድ ሰዓት ቆይተው እጃቸው ጠቁሮ መጡ።

"እግዜር ይማርሽ። የፊት ፍሬን ነው። ብያለሁ አላልኩም?"

ሙሉጌታ ብርቱካን ይዞ ገባ። "ፍሬኑ ደህና ነው ጋሼ። እትዬ ብርቅነሽ ምግብ ሳይቀምሱ ነው የወጡት። ብለድ ሹገር ነው።"

"ጾም ነው የጣላት ልትለን ነው?"

"ኧረ እኔም እጾማለሁ!"

"እስከ ስንት ሰዓት?"

"እስክነሳ ድረስ።"

ጽጌ ብቻ ምክንያት አላቀረበችም። ጉልበቴን አይታ አለቀሰች፤ ከዚያ ብርቱካኑን ልጣ ለሁሉም አደለች።

በማግስቱ ያቺ በፓርኪንጉ ያመሰገነችኝ ሴት መጣች። "ዓይን ነው" አለች። "ሰው ሁሉ ሲያይሽ ነበር።" ከጄን ኤንድ ፊንች የመጡ ዘመዶቻችን ደግሞ ሐዲዱ ነው አሉ፤ እነሱ ሠፈር ሐዲድ የለም። ሳምንቱ ሳያልቅ በአራት ምክንያት ወድቄ ነበር። ስለ እኔ ሲከራከሩ ውኃ እንዲያቀብሉኝ ለመለመን እንኳ ፋታ አላገኘሁም።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ሜሮን ደረቷ ላይ እጇን አጣምራ ፊቴ ቆመች።

"ማሚ፣ ዋይ ዶንት ዩ ጀስት ቴል ዘም?"

"ማን ዕድል ሰጠኝ?"

"ማሚ!"

እውነቷን ነው። ጮክ ብዬ መናገር እችል ነበር። ግን ምን ልል ነው? "ሥርዓቷን አልለቀቀችም" የተባለላት ሴት በሥርዓቷ ልትታነቅ ነበር ልበል? አፈርኩ። ጉልበቴ ሲያመኝ እጸልያለሁ፤ ስለ ነጠላው ግን እግዚአብሔርንም አላነሳሁበት። ፍሬኑን ሲያሙት እያየሁ ዝም አልኩ። ጋሽ ታደሰ የራሳቸውን የፊት ፍሬን ፈቱት። ሙሉጌታ ኪሱን ብስኩት ሞላ። አሁንም ዝም አልኩ።

ፍልሰታ የሚፈታ ዕለት ሦስቱም ባለ ስኩተሮች ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ እኔ ጋ መጥተው አብረን ልንፈስክ ተቀጣጠርን። ሜሮን ወንበሬን ስድስተኛ ፎቅ መስኮታችን ሥር አደረገችልኝ። ከሩቅ ሦስት ስኩተር ሲመጡ አየሁ። ከፊት ጋሽ ታደሰ፣ ከኋላቸው ሙሉጌታ። መጨረሻ ላይ ጽጌ፤ ሄልሜቷ ላይ ነጭ ነጠላ ተከናንባ፣ ጫፉ ከኋላዋ በነፋስ እየተርገበገበ።

መስኮቱን ከፍቼ "ጽጌ! ቁሚ!" አልኩ። ቀና ብላ አየችኝና እጇን አወዛወዘችልኝ፤ እንኳን አደረሰሽ ያልኳት መስሏታል።

ክራንቼን አንስቼ ወጣሁ። ሜሮን ከኋላዬ ትጮሃለች። ከሁለቱ ሊፍት አንዱ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል፤ ሌላው በየፎቁ ይቆማል። አንዷ ሴትዮ የልብስ ማጠቢያ ቅርጫቷን እስክታስገባ፣ አንዱ ሰውዬ ውሻውን እስኪያባብል፣ እኔ "እመቤቴ፣ ዛሬን ብቻ" እላለሁ። በዚያ ጾም ከልቤ የጸለይኩት ያኔ ነው።

ደጅ ስደርስ ጽጌ ስኩተሯን አቁማ ሄልሜቷን እየፈታች ነበር። ደህና ናት። የነጠላዋን ጫፍ ያዝኩት። ጥለቱ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ጥቁር የቅባት ነጥብ አለ።

"ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታደርጊው?"

ደንግጣ አየችኝ። "አንቺ በወደቅሽ ማግስት ለእመቤታችን ተስዬ ነዋ። ብርቅነሽ እስክትድንልኝ ድረስ እሷ እንደምታደርገው ነጠላዬን ተከናንቤ እነዳለሁ፣ ቦታዋን እሸፍንላታለሁ ብዬ። እያንዳንዷን ቀን አድርጌዋለሁ። ፍርሃቴን አትጠይቂኝ!"

ከዚያ በኋላ ዝም የሚባልበት ቦታ አልቀረም። ሜሮንን ከአልጋ ሥር ያለውን ከረጢት አምጪ አልኳት። እስክትመለስ ሻሼን ፈታሁ። ሰምበሩ እየጠፋ ቢሆንም ይታያል። ከረጢቱ መጣ፤ የተቆረጠውን ነጠላ የጎማው ጥርስ እንደታተመበት የጽጌ ስኩተር መቀመጫ ላይ ዘረጋሁት።

"የጣለኝ ይኼ ነው" አልኩ። "ፍሬን አይደለም። ጾምም አይደለም። ዓይንም አይደለም። ሜሮን ነግራኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። እናንተንም ያልነገርኳችሁ አፍሬ ነው።"

ጋሽ ታደሰ ጨርቁን አንስተው ገለባበጡት።

"ገብቶ ነበር፤ እሺ" አሉ። "ግን ፍሬኑ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ጎማው ነጠላውን ሳይጠቀልለው ይቆም ነበር።"

"ጠግበው ቢሆን ኖሮ" አለ ሙሉጌታ፣ "ሲንጠለጠል ያዩት ነበር።"

"አንተ ልጅ፣ ዛሬ እንኳ ተፈስኳል!"

እነሱ እንደገና ጀመሩ። ጽጌ ግን የራሷን ጫፍ በእጇ ይዛ ቅባቱን እያየች ነበር።

"ብርቄ" አለች ቀስ ብላ። "አሁን ምን ላድርግ? እስክትድን ብዬ ተስያለሁ። ስለት ነው፤ አላፈርሰውም።"

አውቃታለሁ። ጽጌ ስለት ከማፍረስ ጎማ ሥር ብትገባ ይቀላታል። ሐኪሙ የቀጠረኝ ገና ለወር ነው። ክራንቼን ለሜሮን አቀበልኳት፣ ሁለት እጄን ለቀቅኩና በሁለት እግሬ ቆምኩ።

"ይኸው" አልኳት። "ድኛለሁ።"

ጉልበቴ ውስጥ እሳት የገባ መሰለኝ። ፊቴን ወደ ሰማይ አደረግኩ፤ እንባዬን የምስጋና አስመሰልኩት። ነበርም።

ጽጌ እልል አለች። ነጠላዋን አወለቀች፣ በአራት አጠፈች፣ የስኩተሯን መቀመጫ ከፍታ ውስጥ አስቀመጠችው። ክዳኑ ቀጭ ሲል ከሰማሁ በኋላ ነው ክራንቼን የተቀበልኩት። ያን ቀን ማታ ጉልበቴ ኩፍ እንዳለ ሊጥ አበጠ። ሜሮን በረዶ እያደረገችልኝ ሐኪሙ ይህን ሁሉ ሲሰማ ምን እንደሚል በእንግሊዝኛ አስረዳችኝ። ዝም ብዬ ሰማኋት። በዚያ በጋ ከሁሉ የተሻለ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

ብሬሱ የተፈታ ጊዜ ለፀጉር ቆራጩ ዳቦ ጋግሬ ወሰድኩለት። መጀመሪያ አላወቀኝም። ነጠላውን ሳወጣ መቀሱን ከፍ አድርጎ አሳየኝና ተያይዘን ሳቅን። ዳቦውን በዚያው መቀስ ሊቆርሰው ሲል ከለከልኩት።

ስኩተር ከዚያም በኋላ ነድቻለሁ። ጽጌም ትነዳለች። ጋሽ ታደሰ ዛሬም ስለ እኔ ሲያወሩ "ፍሬን የጣላት" ይላሉ።

ያን ነጠላ አልጣልኩትም። የተቆረጠበትን ጠርዝ ቀምቅሜ ሰፋሁት። መቀመጫው ሥር አድርጌ እወስደዋለሁ፤ የምከናነበው ስኩተሯን አቁሜ፣ ቁልፉን ነቅዬ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ሴት ስትመጣ ለምን እንዲህ አጠረ ትለኛለች። ለእያንዳንዷ ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግራታለሁ፣ ከነሻሹ፣ ከነዝምታዬ። ማፈሬ አልቀረም፤ ቢሆንም እነግራታለሁ። ከዚያ እከናነበዋለሁ። አጭር ነው፤ ለጸሎት ግን ይበቃል።