ጣራ የሌለው ጀልባችን

ጀልባ ለማዘዝ ወደ ቦንጋ የወጣነው ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ከሦስታችን ዋና የሚችል አልነበረም። ታንኳ ቀዛፊያችን ራሱ አይችልም። ሰው ሲቀልድበት፣ «ዋና ባውቅ ኖሮ እናንተን ጥዬ ራሴን አድን ነበር። አለማወቄ የጠቀመው እናንተን ነው» ይላል።

መንግሥት ከተለወጠ ዓመታት አልፈው፣ በየስብሰባው ልማት ልማት የሚባልበት ጊዜ ነው። መንደራችን ጎጀብ ወንዝ ዳር ናት። መኪና የሚያሳልፈው ድልድይ ከኛ ሩቅ ስለሆነ፣ በዚያ ዞሮ ማዶ መድረስ ሁለት ቀን ይፈጃል። ስለዚህ የምንሻገረው ከአንድ ትልቅ ግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ነበር። ያን ዓመት ማሩም ቡናውም ደህና ሆነልን፤ በማኅበር አንድ ላይ ሸጥነውና፣ በቃ ሞተር ያለው ጀልባ ይገዛ ተባለ። የተመረጥነውም የመንደሩ ታላቅ ሽማግሌ፣ ታንኳ ቀዛፊውና እኔ ነን። እኔን ያስመረጠኝ እስከ አራተኛ ክፍል መማሬና አማርኛ መሞከሬ ነው።

ጀልባውን የሚሠራልን ነጋዴ ከገበያው ዝቅ ብሎ የብየዳ ቤት ነበረው። ከሌላ አገር የመጣ እስላም ነው፤ ቦንጋ ወልዶ ከብዷል። የብረት በርና የውኃ ታንከር ይሠራል፣ ሞተር ደግሞ ከአዲስ አበባ በዘመዶቹ በኩል ያስመጣል። ወንበር አስመጣልንና መሬት ላይ በጠመኔ ሥዕል ሠራ።

«ይሄ ፖንቱን ነው የሚባለው፣ አባቶቼ። ሁለት ረጃጅም የታሸጉ የብረት ቱቦዎች ውኃው ላይ ይተኛሉ፤ በላያቸው ወለል ይነጠፋል። ወላሂ፣ በሬ ብትጭኑበት አይገለበጥም። አሁን እናንተ የምትመርጡት አለ። ጣራ ይኑረው አይኑረው? መቀመጫው ስፖንጅ ያለው ይሁን ወይስ ደረቅ ሳንቃ? አጥሩስ? በሩስ ምን ያህል ይስፋ?»

ሽማግሌው አማርኛ አይደፍሩም፤ በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ እየነገሩኝ እኔ እተረጉማለሁ። በሩ ላይ አንድም ክርክር አልነበረም። በሽተኛ የምንሸከመው በቃሬዛ ነው፤ ቃሬዛ ከነተሸካሚዎቹ ጎን ለጎን የማያስገባ በር ምን ይሠራልናል? እንዲሰፋ ተስማማን። ክርክሩ የመጣው በሞተሩ ነው።

«ባለ አሥራ አምስት ፈረስ ጉልበት አለ፣ ባለ አርባም አለ» አለ ነጋዴው። «አርባው ነዳጅ ይበላል፣ ክብደትም አለው። እሱን ካላችሁ መካከል ላይ ሦስተኛ ቱቦ መጨመር ግድ ነው። ያኔ ለጣራና ለስፖንጅ የሚተርፍ አይኖርም።»

ይህን ስተረጉምላቸው ሽማግሌው ሳቁ። «እኔ አንድ ፈረስ መቀለብ አቅቶኝ ሸጫለሁ። አርባውን ማን ሊቀልብ ነው?»

ነጋዴው ሳቃቸው እስኪበርድ ጠብቆ ወደ ቀዛፊው ዞረ። «ውኃው ኃይለኛ ነው?»

«ኧረ የተኛ ነው» አለ ቀዛፊው። «ከመካከሉ በቀር በእንጨት እየገፋሁ ነው የማሻግረው።»

እውነቱን ነው የተናገረው። ጊዜው ጥር ነው፤ ጎጀብ በጥር የተኛ ነው። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ሽማግሌው ደግሞ ሐሳባቸው ጣራው ላይ ነበር። ቆላው ሲተኩስ ነፍሰ ጡርና ሽማግሌ ፀሐይ ላይ ተሰጥተው መሻገር የለባቸውም አሉ፤ ደግ ሐሳብ ነው። እንግዲህ አሥራ አምስቱ ፈረስ፣ ጣራ፣ ስፖንጅ ያለው መቀመጫ ተባለ። ሽማግሌው ተነስተው እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ የመረቀው ነገር አለቀ ማለት ነው። ተመልሶ አይነሳም።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ጓሮ ተቀምጣ እንሰት ትፍቅ ነበር። ደስ ብሎኝ ስለ ጣራው ነገርኳት፣ ስለ ስፖንጁ ነገርኳት። እጇ አላረፈም።

«ሞተሩስ?» አለች።

«ትንሹን አልን። ወንዙ የተኛ ነው፣ ምን ያደርግልናል ትልቁ?»

መፋቂያዋን አስቀመጠች። «የኔ እናት የምትታመመው በጥር ነው ያለህ ማን ነው?»

 ይህ ነገር ለምን እንደወጋኝ እንድትረዱልኝ ወደ ኋላ ልመለስ።

ባለቤቴ የማዶ ልጅ ናት። በኛ አገር ወንዙ ሰኔ ላይ ሲሞላ ታንኳው ዳገት ተጎትቶ ከዛፍ ጋር ይታሰራል፤ የሚፈታው መስከረም ነው። በዚያ መካከል ማዶ የለም፤ ወደ ድልድዩ የሚወስደውንም መንገድ ገባሮቹ ሞልተው ይዘጉታል። የምትጮኸውንም የውኃው ድምፅ ይውጠዋል። ይህን ሁላችንም የሌሊትን ጨለማ እንደምንለምደው ለምደነዋል፤ ማንም አያማርርም።

ከጀልባው ነገር አራት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ፣ እሷና እኔ ወንዝ ዳር ስንደርስ ማዶ ሰዎች ቆመው አየን። የሷ ዘመዶች ናቸው። ነጠላ እያውለበለቡ ይጮሃሉ፤ ድምፃቸው ግን አይሰማም። ናፍቀውን ነው ብለን ደስ አለን። እሷ ነጠላዋን አውልቃ መለሰችላቸው። እየሳቀች ነው ያውለበለበችው፣ እጇ እስኪደክም። እነሱ አጎንብሰው ሄዱ።

መስከረም ላይ ታንኳው ሲፈታ፣ ዘመዶቿ ጎሕ ሲቀድ መጥተው ወንድሟ መሞቱን አረዷት። ለካ ያን ቀን የቀብሩን ነገር ሊነግሩን ነበር። ማዶ ሰው ሁሉ አልቅሶ፣ ተጽናንቶ፣ ሐዘን ተነስቶ፣ እሷ ብቻዋን ጀመረች። እንዴት እንዳለቀሰች አልጽፈውም። የቀራት እናቷ ናት፤ እናቷም እያረጁ ነበር።

እና እኛ ሦስት ወንዶች፣ ከመካከላችን አንዱ የዚህች ሴት ባል ሆኖ፣ በክረምት የማይሻገር ጀልባ አዘን መጣን። ክረምት የሚባል ነገር ትዝ አላለንም። ለምደነው! ወንዙ በክረምት ዝግ መሆኑን ስለለመድነው፣ ሊከፍተው የሚችለውን ጀልባ ስንመርጥ እንኳ ለበጋ መረጥንለት።

በማግስቱ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። የተመረቀ ነገር ይፍረስ ብዬ ፊታቸው ልናገር አፌ አልታዘዘልኝም። «አባቴ፣ እስቲ ወደ ወንዙ ወረድ እንበል» ብቻ አልኳቸው። ቀዛፊውንም ጠራሁት። ታንኳው ከሚቆምበት በላይ ትልቅ ሾላ አለ፤ ጥላው ሥር ቆምን።

ሽማግሌው ንብ ያረባሉ፤ እድሜያቸውን ሙሉ ቀፎ ዛፍ ላይ ሲሰቅሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ቀና ሲሉ ቅርንጫፉ መካከል የተሰነጠቀ ቀፎ ተሰክቶ አዩ። ተናደዱ።

«ይሄን ማን ነው የሰቀለው? ቀፎ እንዲህ አቁሞ ይሰቀላል? ጎታ መሰለው?»

«አባቴ፣ ሰው አይደለም» አለ ቀዛፊው። «ያምናው ውኃ ነው።»

ሽማግሌው ቀፎውን አዩ፤ በዙሪያው የተጠመጠመውን የደረቀ ሣርና የበቆሎ አገዳ አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ታች መልሰው ውኃውን አዩት። ከራሳችን በላይ ከፍ ብሎ ነው ቀፎው ያለው።

እኔ ያኔ አፌ ተፈታልኝ። «ባለቤቴ ነች ያሳሰበችኝ። እናቷ ማዶ ናቸው። ውኃው እዚህ ሲደርስ በአሥራ አምስት ፈረስ አንወጣውም።»

ቀዛፊው አንገቱን ደፋ። «እኔ በክረምት ተሻግሬ አላውቅም፣ አባቴ። ነጋዴው ውኃው ኃይለኛ ነው ወይ ሲለኝ፣ የምሻገርበትን ጊዜ የጠየቀኝ መሰለኝ።»

ሽማግሌው ወደ ማዶ አዩ። የባለቤቴን ወንድም ያውቁት ነበር። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ምርቃቴን አልሽርም» አሉ። «እንዳለ ይቀመጥ። ጣራው ላይ ያረፈውን ወደ ሞተሩ አዙሬዋለሁ። አሜን በሉ!»

«አሜን!» አልን።

ነጋዴው ገና አዲስ አበባ አልደወለም ነበር። ነገሩን ስነግረው ሥራውን አቁሞ ሰማኝ። «እኔስ ምን አይነት ሰው ነኝ፤ በየትኛው ወር ትሻገራላችሁ ብዬ አልጠይቅም?» አለ። አርባውን ፈረስ አዘዘልን፣ ሦስተኛውን ቱቦ በየደው። ውኃ ውስጥ የሚሽከረከረውን ክንፍ ግንድ እንዳይሰብረው ደግሞ ሳንጠይቀው የብረት መከላከያ አበጀለት። መቀመጫው ደረቅ ሳንቃ ሆነ። በሩ እንደሰፋ ቀረ።

ጀልባው ሚያዝያ ላይ መጣ። የመንደሩ ሰው ዙሪያውን እየዞረ ሲያይ፣ «ጣራውስ?» የማይል አልነበረም። ሽማግሌው በእያንዳንዱ ይቆጣሉ። «ጃንጥላ ያዝ!»

ሐምሌ ገባ። ጎጀብ ሞላ፣ ቀላ፣ ግንድ ይዞ መጋለብ ጀመረ። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጆች እየሮጡ መጥተው ማዶ ሰው ነጠላ ያውለበልባል አሉን። ባለቤቴ ከኔ ቀድማ ደረሰች። ስደርስ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች፤ አላውለበለበችም። ማዶ ያሉት ይጮሃሉ፣ እኛ የምንሰማው ውኃውን ብቻ ነው።

ወደ ቀዛፊው ዞረች። «አንተ፣ ትሻገራለህ አትሻገርም?»

ቀዛፊው ጀልባው ላይ ወጥቶ ሞተሩን አየ። በዚያ ውኃ ሲሻገር ለሱም የመጀመሪያው ነው። «እቴቴ፣ ለዚህ አይደል እንዴ ጣራዬን የተቀማሁት?» አለና የሞተሩን ገመድ ሳበ።

እሷና እኔም ተከትለን ገባን። ዝናቡ ደግሞ ያኔውኑ ወረደ። መሃሉ ላይ ስንደርስ ጀልባው ከውኃው ጋር ቁልቁል መሄድ ጀመረ፤ ቀዛፊው የጀልባውን አፍንጫ ውኃው ወደሚመጣበት አዙሮ ሞተሩን ሲያስጮኸው እንደ መቆም አለ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ተሻገረ። እሷ አንዴም ውኃውን አላየችም። የምታየው ዳር የቆሙትን ሰዎች ፊት ነበር፤ አልቅሰው እንደሆነ ለማወቅ።

ገና ሳንወርድ፣ «አለች!» ብሎ ጮኸ አንዱ። «አለች፣ አሟታል፣ ጥሩልኝ ብላ ነው!»

ባለቤቴ ዝናቡ መካከል ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። አነሳኋት።

አማቴ እሳት ዳር ተኝተው ነበር፣ ከስተው። ልጃቸውን ሲያዩ እጃቸውን ከጋቢው አወጡና ፊቷን፣ ፀጉሯን፣ ልብሷን ዳሰሱ። ሁሉም ውኃ ነው።

«በዋና መጣሽ?» አሉ።

«በጀልባ ነው፣ እማዬ። በአዲሱ።»

ወደኔም አዩ። እኔም እየተንጠባጠብኩ ነው።

«ይሄ ሁሉ ሽማግሌ ተሰብስቦ» አሉ ድምፃቸው ደክሞ፣ «ጣራ ማዘዝ አቃተው?»

ባለቤቴ ሳቀች፣ እያለቀሰች። ነጠላዋን ጨምቃ እሳቱ አጠገብ ሰቀለችና እናቷ እግር ሥር ገባች። እስከ መስከረም እዚያው ቆየች፤ እኔም በየሳምንቱ ጃንጥላ ይዤ እሻገር ነበር።