በዱላ የተቀየረው ቁጥር

ሙሉወርቅ ከአየር ጤና ፌርማታ ጀርባ፣ ከጎሚስታው በላይ ባለችው ጠባብ ቢሮ የተቀጠረች ጊዜ እናቷ፣ «ታዲያ ምኑን ነው የምትሸጡት?» ብለው ጠየቋት። ነጋዴ ናቸዋ! «ምንም አንሸጥም እማዬ። ተመራማሪዎች የሰበሰቡትን መረጃ እናስቀምጣለን፤ የፈለገ በነፃ ይወስዳል» ስትላቸው፣ «እና ዘበኛ ነሻ!» አሏት።

ዘበኝነቱ ግን የብቻዋ አልነበረም። ጅማና ጎንደር ያሉ ሁለት የመረጃ ማኅደሮች የእሷን ቅጂ ይይዛሉ፣ እሷም የእነሱን። ልክ እንደ እድር ነው፤ አንዱ ቤት የደረሰውን ሌላው ሳይሰማ አያድርም። ኮምፒውተሮቹ በየደቂቃው ቅጂያቸውን ያስተያያሉ፤ አንዲት ቁጥር ከተነካች ይጯጯሃሉ።

ይህን ሰይፈሥላሴ አያውቅም። እሱ ከቆሻሻ መጣያው ከቆሼ አጠገብ አሮጌ የመኪና ባትሪ እያቀለጠ እርሳስ የሚያወጣ ሰው ነው። የሰፈሩ ሕፃናት ደም ሲመረመር ያው እርሳስ ሞልቶ ተገኘበት። ውጤቱ ሙሉወርቅ ዘንድ ተቀመጠ፤ ፍርድ ቤቱም ሐሙስ የማቅለጫውን ጉዳይ ሲያይ የሚከፍተው እሱኑ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሰይፈሥላሴ ነገሬ የሚባል ጡንቸኛ አስከትሎ መጣ። ነገሬ በሩን ቀረቀረ።

«የልጆቹን የእርሳስ ቁጥር፣ ሰባውን ሰባት፣ ስልሳውን ስድስት አድርጊልኝ» አላት ሰይፈሥላሴ።

«ጋሽ ሰይፉ፣ የልጆች ደም እኮ ነው። አልነካውም።»

የሰይፈሥላሴ ጥፊ ከወንበሯ ጣላት። ነገሬ ፀጉሯን ጠቅልሎ አነሳትና ግንባሯን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አላተመው። ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ።

«እኔም ልጅ አለኝ» አለች።

«በይ እንግዲህ ለልጅሽ ስትዪ!» አለ ሰይፈሥላሴ። የቀኝ እጇን መሳቢያው ውስጥ ከትቶ በጉልበቱ ገፋው። ጣቶቿ ሲሰበሩ ድምፁን ሰማችው።

ቀየረችው። በግራ እጇ፣ እየተንሰቀሰቀች፣ ሰባውን ሰባት አደረገችው።

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። «አንሺና ደህና ነኝ በይ። ድምፁንም ክፈቺው!» አላት ሰይፈሥላሴ።

የጅማዋ ባልደረባዋ ሰብሌ ነበረች። «ሙሌ፣ ምን ነካሽ? ያንቺ ቅጂ ከኛም ከጎንደርም ጋር አልገጠመም። ያንቺን ዘግተን የኛን ከፍተናል። ማን ነው የነካው?»

«ሰይፈሥላሴ ነው! እየገደለኝ ነው፣ ፖሊስ ጥሪ!»

ነገሬ አለቃውን አየ። «ጋሼ፣ አሁን ጅማ ልንሄድ ነው?»

«ዝም በል፣ ደደብ!» በቁልፍ ሰሌዳው አፉን አለው። ከዚያ ወደ ሙሉወርቅ ዞረ። ሆዷን ረገጠ፣ ጎኗን ረገጠ፤ ኮምፒውተሩን አንስቶ ከግድግዳው ጋር ፈጠፈጠው።

«ስበረው!» አለችው ከወለሉ ላይ፤ እርስዎ ማለቱ ቀርቶ። «እዚህ ብቻ መሰለህ ያለው?»

ጩኸቱን የሰሙት ጎሚስታዎች በሩን በጎማ መፍቻ ብረት ገንጥለው ገቡ። ሰይፈሥላሴ አንዱን በቡጢ አለው፤ ሁለተኛ የመሰንዘር ዕድል አላገኘም። ፖሊስ ሲደርስ ፊቱ አብጦ ከነገሬ ጎን መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሙሉወርቅን ወደ ሐኪም ቤት ሊወስዷት ሲደግፏት ስልኳን ጠየቀች።

«ሰብልዬ፣ ማን ምን እንደቀየረ የሚያዘው መዝገብ ላይ አስገቢልኝ። ሙሉወርቅ ቀየረችው፣ ተደብድባ።»

«ስምሽን ልተወው እንዴ?»

«አይሆንም፣ ይግባ። እኛው ከደበቅን ማን ያምነናል?»

ሐሙስ ፍርድ ቤቱ የጅማውን ቅጂ ከፈተ። ሰባውም ሰባ እንደሆነ ተነበበ። ማቅለጫው እንዲታሸግ፣ ልጆቹም እንዲታከሙ ታዘዘ።