የመዥገሩ መሰላል

አናጺው ፉጨት ሳያፏጭ መጣ። ቅጽል ስሙ የወጣለት ፉጨቱ ገና ከመንገዱ ማዶ ስለሚሰማ ነው፤ ያን ዕለት ግን የስፌት ቤቱ በር ላይ እስኪቆም ድረስ መምጣቱን ያወቀ ሰው አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ የሸሚዝ ኮሌታ እየገጠመች ነበር። እግሯን ከመኪናው መርገጫ ላይ አንስታ ጠበቀችው።

«እቴ፣» አለ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ፣ «ባልሽ… ልቡ ነው አሉ። ሻይ ላምጣ ብዬ ወጥቼ ስመለስ አርፏል።»

«ቆሞ ነው ተቀምጦ?»

«ተቀምጦ። በርጩማው ላይ።»

«ደግ፣» አለች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ኮሌታውን አጥፋ አስቀመጠችው።

ሌላ ሰው ቢሰማት ግራ በተጋባ ነበር። ፉጨት ግን ገባው፤ ያ በርጩማ እንዴት እንደመጣ ያውቃልና።

ባሏ መሰላል ሠሪ ነበር። አናጺዎቹ የሚጠሩት «መዥገሩ» እያሉ ነው፤ አንድ ሥራ ከያዘ የሚያላቅቀው የለም። ስሙን ያወጣለት አብሮት የሚሠራው ፉጨት ሲሆን፣ እሱም አልጠላውም። አንድ ሕግ ነበረው፦ ጫፉ ድረስ ያልተወጣበት መሰላል ከበር አይወጣም። «እኔ ያላመንኩትን ሌላው በነፍሱ ሊያምነው ነው?» ይላል። ገዢ ቢነጫነጭ፣ አለቃው ቢቆጣ፣ ንቅንቅ የለም።

ለመሰላሉ ቋሚ የሚሆነውን እንጨት የሚመርጠው ራሱ ጫካ ድረስ ሄዶ ነው። አንድ ጊዜ ከዚያ ሲመለስ ጭኑ ላይ የተጣበቀች ትንሽ መዥገር አገኘና ነቅሎ ጣላት። ሰነባብቶ በቦታው መሃሉ ገርጣ ያለ ክብ ቅላት ወጣ፤ ትኩሳትም ጀመረው።

«መዥገር ነክሶኝ ነው መሰለኝ» ቢላቸው፣ አናጺ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ሆነ።

«ራስህን ነከስክ?» አለ ፉጨት።

«ኧረ ዘመድ ጥየቃ መጥታ ነው!» አለ ሌላው።

እሱም አብሮ ሳቀ። ቀልዱ ስለጣፈጠ ነገሩ ቀልድ ሆኖ ቀረ። ቅላቱ ጠፋ፣ ወራት አለፉ። ሐኪም ቤት የሄደው ጉልበቱ አብጦ አልታጠፍ ሲለው ነው። ያኔ ከመዥገር ንክሻ የሚመጣው፣ «ላይም» የሚባለው በሽታ መሆኑ ታወቀ። የታዘዘለትን መድኃኒት አንድ ሳያጎድል ጨረሰ፤ እብጠቱም ጎደለ። «ድነሃል» ተባለ፤ ጎረቤቱም «እንኳን ማረህ» ብሎ ተሰናበተው።

መዳኑ ግን ወሬ ብቻ ሆነ። ጠዋት ሲነሳ ሌሊቱን ድንጋይ ሲሸከም ያደረ ይመስላል። መገጣጠሚያው ሁሉ ይጠዘጥዘዋል። እንጨት ለክቶ እርሳስ እስኪያነሳ ድረስ ልኬቱን ይረሳዋል። ደሙ ሲመረመር ደግሞ ደህና ነው ይባላል።

«መዥገሩ ጠገበና ወደቀ!» አለ ፉጨት አንድ ቀን፣ ግድግዳ ተደግፎ ቢያየው።

ያቺ ቀልድ አላሳቀችውም። ቤት ሲገባ ለሚስቱ፣ «ሕመሙስ ይሁን። ሰነፍ መባሉን ግን አልቻልኩትም። እውነት ሰንፌ ይሆን እንዴ?» አላት።

በማግሥቱ ስፌት ቤቷን ዘግታ ሐኪም ቤት ይዛው ሄደች። ሐኪሟ ሲናገር አላቋረጠችውም።

«ጀርሙን መድኃኒቱ ገድሎታል ብለን እናስባለን» አለችው። «ግን ስብርባሪው ሰውነት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ሰውነትዎ ያንን ሲያይ ጠላት ያለ መስሎት መዋጋቱን ይቀጥላል። አንዳንድ ሰው ላይ ነርቭ ተነክቶ ይሆናል። ዘግይቶ የታከመ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይቸገራል። የተደበቀ ጀርም ይኖራል የሚሉም አሉ፤ ይህ በሰው ላይ አልተረጋገጠም። የእርስዎ ከየትኛው እንደሆነ አላውቅም።»

«እንግዲያው መድኃኒቱን ድገሚልኝ።»

«ተሞክሯል። ደጋግሞ መውሰድ ጉዳቱ እንጂ ጥቅሙ አልታየም። ብዙ ሰው በጊዜ ቀስ እያለ ይሻለዋል። እስከዚያው አቅምዎን እየቆጠቡ ይሥሩ።»

«ዶክተር፣ ከሐሳቤ ነው? ወይስ ስንፍና?»

«ሁለቱም አይደለም። ምርመራችን ስላላየው የለም ማለት አይደለም።»

ወጥተው በመንገድ ሲሄዱ፣ «አላውቅም ማለቷን ወደድኩላት፤ እንዲህ ያለች ሴት መሰላል ብትሠራ ዓይኔን ጨፍኜ እወጣበታለሁ» አለ።

አናጺ ቤት ገብቶ የመጀመሪያ ሥራው በርጩማ መሥራት ሆነ፤ ጠረጴዛው ጋ የሚደርስ፣ ረጅም።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ፉጨት። «ድነሃል አላሉህም?»

«ሌባው ሞቷል። ውሻው ግን መጮኹን አላቆመም።»

«ታዲያ ውሻውን እሰረዋ!»

«ውሻው እኔው ነኝ። በምን እጄ ራሴን ልሰር?»

ፉጨት ሊስቅ ብሎ ተወው። ከዚያ ወዲያ ከባዱን ቋሚ የሚያነሳለት ራሱ ፉጨት ሆነ፤ ማንም አላዘዘውም።

ሕጉስ? ጉልበቱ እስከ ጫፍ አያደርሰውም። አለቃው «በቃ፣ ወንበር ሥራ» አለው። ይህን ስትሰማ ሚስቱ የመርፌ ትራሷ ደረቷ ላይ እንደተሰካ አናጺ ቤት መጣችና ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች።

«እኔ እወጣበታለሁ።»

«ትወድቂና ጉድ ትሠሪኛለሽ!» አለ አለቃው።

«እሱ የሠራው ነው» አለች፤ ወጣችም። ጫፍ ደርሳ ከጣሪያው ወራጅ ላይ ጣቷን አሻሽታ፣ «አቧራችሁ! እዚህ ሰው ነው የሚኖረው?» አለቻቸው። ታች ያለው ባሏ እንደዚያን ዕለት ቀና ብሎ አያውቅም።

«ድሮ የኔ ነፍስ ብቻ ነበረች» ይል ነበር ኋላ። «አሁን እሷ ልትወጣበት ነው። እንዴት አድርጌ ልቀልድ?» እየተቀመጠ፣ እያረፈ፣ ልኬቱን እንጨቱ ላይ እየጻፈ ይሠራ ነበር። የሚሠራው መሰላል ቁጥሩ አነሰ፤ የተመለሰ መሰላል ግን የለም። ከዓመት ዓመት ትንሽ ትንሽ ተሻለው፤ ጨርሶ አልለቀቀውም። «ስሙ ያው መዥገር አይደል?» ይላል ሲጠይቁት። እስከ መጨረሻዋ ቀን «ታክሜያለሁ» እንጂ «ድኛለሁ» አላለም። ልቡ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አባቱም ወንድሙም የሞቱት በልብ ነው።

ከቀብር በኋላ አናጺ ቤት ሄደች። በርጩማው በቦታው ነበር። አጠገቡ የመጨረሻው መሰላል ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ተሞርዶ፣ ተለስልሶ አልቋል። እርከኑን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ጨርቅ እንኳ የሚይዝ ስንጥር አልነበረውም።

«ገዢው ጠይቋል» አለ ፉጨት ቀስ ብሎ። «ምን ልበለው?»

«ገና ነው በለው።»

መሰላሉ አሁንም እዚያው አለ። እስካሁን አልወጣችበትም።