የአባቴ ወገን ያሸነፈ ዕለት

ደብዳቤ እንኳ ሌላ ሰው እያስጻፍኩ የምልክ ሴት ነኝ፤ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ብዕር ያስያዘኝ ባለፈው እሑድ ሻይ ቤቴ ውስጥ በቴሌቪዥን ያየሁት ሰው ነው። ያ አባቱ ኬንያዊ የሆነው የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጸጉሩ ሸብቶ፣ በአባቱ አገር ከአሮጊቶች ጋር ሲጨፍር አሳዩት። ደንበኞቼ አጨበጨቡ። እኔ የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀምጬ ጓዳ ገባሁ።

እሱ በተመረጠበት ዓመት እዚሁ ጁባ፣ ሀይ ጀላባ ሰፈር፣ እትዬ አሰለፈች ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበርኩ። ገና ልጅ ነኝ። ዝናቡ ሊያባራ ጥቂት ቀርቶት ስለነበር ደንበኞች በጫማቸው ቀይ ጭቃ ይዘው ይገባሉ፤ እኔ ወለል ስወለውል እውላለሁ። የእትዬ ታናሽ ወንድም ዳንኤል፣ ካስተም ገበያ ከኡጋንዳ ከመጡ መኪኖች ላይ ቢራና ዱቄት እያስወረደ ያመጣል። ከእሱ ጋር ልንጋባ ተነጋግረን ነበር። እትዬም ወዳኛለች። "ጨዋ ልጅ፣ ድምጿ የማይሰማ" እያለች ለሰው ታወራልኝ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ጎሬ፣ እናቴ ዘንድ ሽማግሌ ሊላክ ነው።

እትዬ ግን ዘር እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም የምትል ሴት ናት። እኔ የምጠራው በእናቴ አባት ስም ነው። ወላጅ አባቴ ኦጁሉ የሚባል የጋምቤላ አኙዋክ ነበር። እሱ ሲሞት እናቴ ይዛኝ ወደ ወላጆቿ ተመለሰች፤ አያቴም በራሱ ስም ትምህርት ቤት አስገባኝ። መልኬ የእናቴ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። ለዳንኤል ግን የጋብቻ ነገር ሳይነሳ በፊት ሁሉንም ነግሬዋለሁ።

"ታዲያ ምን አለበት?" ነበር ያለኝ። "ለእህቴ እኔው ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።"

አመንኩት።

የምርጫው ውጤት በተሰማበት ጠዋት ጄኔሬተሩ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ቤቱ ቴሌቪዥን በሚያይ ሰው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። የፉሉ ሽታና የናፍጣው ጭስ ተደባልቋል። እትዬ እልልታዋን አቀለጠችው።

"ሻዩ በእኔ ነው! የጎረቤት ልጅ ነገሠ!"

"የጎረቤት አይደለም እትዬ፣ የእኛ ነው" አለ ኦሞድ። ኦሞድ ጋምቤላ በስደት አድጎ ከሰላሙ ስምምነት በኋላ ወደ አገሩ የተመለሰ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ቁርሱን የሚበላው እኛ ዘንድ ነበር። "የአባቱ ወገን ሉኦ ነው። ሉኦና እኛ አኙዋኮች የአንድ ግንድ ነን። ከዚሁ ከነጭ አባይ ዳር ነው ወደ ኬንያ የወረዱት።"

"አቤት ዕድልህ! ዛሬማ አትቻልም" አለችው እትዬ።

"ይኸው መዛመድ ነዋ!"

"ለእሱ ከሆነ እህት ቢኖረኝ ዛሬውኑ በዳርኩ!" አለች እትዬ።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እኔ የፉል ትሪ ይዤ መሀል ላይ ቆሜያለሁ። የአባቴ ወገን ስም እንዲያ በደስታ ሲጠራ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እትዬ ለሩቁ ሰው እንዲህ ከሆነች ለእኔማ ምን ልትል ነው ብዬ አሰብኩ። አፌ ከየት እንደደፈረ እንጃ።

"የእኔም አባት አኙዋክ ነው" አልኩ።

ኦሞድ ከወንበሩ ተነሥቶ ከነትሪው ሁለት እጄን ያዘና በአኙዋክኛ ረዘም አድርጎ ሰላም አለኝ። አንድ ቃል አልገባኝም። እንባዬ ሲመጣ አይቶ "ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፤ ትለምጂዋለሽ" አለኝ በአማርኛ።

እትዬ ትሪውን ከእጄ ተቀበለች። ፈገግታዋ ሳይጠፋ "ብሉ፣ ብሉ" እያለች ራሷ አቀረበችና ጓዳ ጠራችኝ። እዚያ ጓዳ ውስጥ፣ አገር ቤት ጠቆር ያለን ሰው የሚያዋርዱበትን ቃል ተናገረችኝ፤ አልጽፈውም። የምጠጣበትን ኩባያ አንሥታ ቆሻሻው ውስጥ ጣለችው።

"ከአንድ ማዕድ አብልቼሽ! ወንድሜን ልድርልሽ!"

አዳራሹ ውስጥ ያጨበጭባሉ።

ዳንኤል የቢራ ካርቶን ተሸክሞ የገባው ያኔ ነው።

"ይቺ የማን ልጅ እንደሆነች ታውቅ ነበር?" አለችው።

ዓይን ዓይኑን አየሁት። ካርቶኑን እንዳይሰበርበት ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"እኔ? ኧረ በማርያም! ከየት አውቄ?"

ልብሴን በፌስታል ሰብስቤ ስወጣ እትዬ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ የሰውየውን ንግግር ታዳምጥ ነበር። እንግሊዝኛ አታውቅም። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች።

አሁን ጁባ ታውን ትንሽ ሻይ ቤት አለችኝ፤ በሩ ላይ "ኦጁሉ" ተብሎ ተጽፏል። ኦሞድ ሲመጣ በአኙዋክኛ አዝዞ በአማርኛ ይከፍላል። ያን የሸበተ ሰው እሑድ ለት ሳየው አልቀናሁበትም። የአባቱን አገር ሲጠራ ዓለም ያጨበጭብለታል፤ ያጨብጭብለት። ያን እሑድ ብርጭቆዬን አስቀምጦ ጓዳ ያስገባኝ የእትዬ ስድብ አልነበረም፤ ስድቡን ከረሳሁት ቆይቻለሁ። ዳንኤል ያን ቀን እስከ በሩ ተከትሎኝ ወጥቶ፣ እህቱ እንዳታየው ወደ ኋላው እየተገላመጠ ያለኝ ነው፦

"አንቺ እንደሆን ዝም ማለት ታውቂበታለሽ። ዛሬ ምን አናገረሽ?"