ባሕር ያልተሻገረ ዋስ

ቤሩት ላይ ግራ ጆሮዬን ያደነቆረችው አሠሪዬ በየትኛው አገር ዳኛ ፊት መቆም ነበረባት? ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ስለ ውጭ አገር ሥራ የወጣውን አዋጅ አንቀጽ በአንቀጽ አንብቤዋለሁ። የሚናገረው ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል፣ ውሏ ተመዝግቦ ለሄደች ነው። እኔ የሄድኩት በደላላ ነው። መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

አባቴ ላሊበላ ቀዳሽ ካህን ነበሩ። ውል ማለት ለእሳቸው ዋስ ያለበት ብቻ ነው። ደላላው የመጣ ቀን፣ የዘረጋላቸውን የአረብኛ ወረቀት ገፋ አደረጉና "ዋስ ጥራ" አሉት። እሱም የሚስቱን ወንድም፣ ሙጃ የሚኖሩትን ገበሬ ጠራ። ሰውየው የአባቴ የንስሐ ልጅ ናቸው፤ እንዴት እምቢ ይበሉ? በሽማግሌ ፊት ተነስተው "እንደ ሄደች ትመለሳለች፤ ከአካሏ ብትጎድል በኔ ይሁን" አሉ።

"በቅሎ ልትከራይ ነው እንዴ?" ብለው አንዱ ሽማግሌ ቀለዱባቸው።

"በቅሎስ ብትሆን እየነዳሁ እመልሳት ነበር። ይቺ በሰማይ ነው የምትሄደው!"

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ዋስ አለኝ ብዬ ሳልፈራ ሄድኩ።

ቤሩት የእኔን ዋስ የሚያውቅ የለም። እዚያ የሠራተኛ ዋስ አሠሪዋ ራሷ ናት፤ የመኖሪያ ፈቃዴ በስሟ፣ ፓስፖርቴ በቁም ሳጥኗ ውስጥ። ብርጭቆ ሰበርሽ ብላ በጥፊ ስትመታኝ ጆሮዬ ጮኸ፤ ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ። ሮጬ ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ። ፖሊሱ ስልክ ደወለ። ለማን እንደደወለ የገባኝ እሷው ልትወስደኝ ስትመጣ ነው።

"ዋስሽ መጣች፣ ሂጂ" አለኝ።

ውሌን ጨርሼ ስመለስ ደላላው አገር ለቆ ጠፍቷል። የቀሩት እኒያ ገበሬ ብቻ ናቸው። ብናገር ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ለጆሮዬ ካሳ በሬዎቻቸው ይሸጣሉ፤ ያልመታኝ ሰው ይከፍላል። ዝም አልኩ። በግራዬ የጠራኝ ሰው መልስ ሲያጣ "ቤሩት አኮራቻት" ይለኛል። ይበል። ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥም ሁልጊዜ ግራዬን ለግድግዳው ሰጥቼ እቀመጥ ነበር።

አንድ የጾም ቀን እኒያ ዋሴ ቤቴ መጡ። ሚስታቸው ሞተውባቸው፣ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ገብተው ሊመነኩሱ ነው።

"ልጄ፣ ዋስትና አንገቴ ላይ እያለ ቆብ አልደፋም። አባትሽ ዘንድ እንሂድና 'በደህና ተመልሻለሁ' በዪልኝ፣ ከዋስትናዬ ልውረድ።"

"ይተዉት አያ፤ ማን ጠየቀዎት?"

"የሚጠይቀኝማ አለ። ምነው ፊትሽን ታዞሪብኛለሽ? አስቀየምኩሽ እንዴ?"

ቀኝ ጆሮዬን እየሰጠኋቸው ነበር። አባቴ ፊት ቆሜ፣ እኒህን ሰው በሐሰት ቃል ለምንኩስና መሸኘት አቃተኝ። ነገርኳቸው። ጥፊውን፣ ፖሊስ ጣቢያውን፣ ሁሉንም። "ለአባቴ ግን አይንገሩብኝ፤ በሬዎችዎን ይወስዱብዎታል" አልኳቸው።

"በሬዎቹንስ ለልጆቼ ነበር ያሰብኳቸው" አሉ፤ ቀጥለውም "ተነሺ።"

እሳቸው ፊት፣ እኔ ኋላ ሆነን ሄድን። አባቴ ደጃቸው ላይ ዳዊት ይደግማሉ። ሰውየው መስቀል አልተሳለሙም፤ ነጠላቸውን አደግድገው ቆሙ።

"አባ፣ ልጅዎ ጎድላ ነው የመጣችው። ዋሷ እኔ ነኝ።"